«ሌመን»፦ ስለ ዮኔዙ ኬንሺ የድራማ ዘፈን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ዘፈኑ የማን ነው? መቼ ወጣ?

ግጥሙም ዜማውም ድምፁም የዮኔዙ ኬንሺ ነው። ዮኔዙ የቤተሰብ ስሙ ነው፤ ጃፓኖች የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ እዚህም በዚያው ቅደም ተከተል ጽፈነዋል። በ1991 በቶኩሺማ ክፍለ ሀገር ተወለደ። መጀመሪያ የታወቀው በድምፁ አይደለም። ከ2009 ጀምሮ «ሃቺ» በሚል ስም፣ ኮምፒውተር የሚዘፍናቸውን የቮካሎይድ ዘፈኖች ኢንተርኔት ላይ ይለቅ ነበር። በራሱ ስምና በራሱ ድምፅ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ2012 ነው።

«ሌመን» ለዳውንሎድ የተለቀቀው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 ነው። ሲዲው ማርች 14 ቀን ወጣ። ርዝመቱ ከ4 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ርዕሱ (ሎሚ ማለት ነው) በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ዘፈኑ ውስጥ ቃሉ የሚሰማው እንደ ጃፓንኛው «ሬሞን» ተብሎ ነው፤ ስለዚህ «ሌመን የሚለውን ቦታ ፈልጌ አጣሁት» የሚሉ ሰዎች «ሬሞን»ን ያዳምጡ።

የየትኛው ድራማ ዘፈን ነው?

በቲቢኤስ ቴሌቪዥን ከጃንዋሪ 12 እስከ ማርች 16 ቀን 2018፣ አርብ አርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት የታየው የ«አንናቹራል» ነው። 10 ክፍል አለው። ደራሲዋ ኖጊ አኪኮ ናት፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ ሐኪሟን ሚሱሚ ሚኮቶን፣ የምትጫወተው ኢሺሃራ ሳቶሚ ናት።

ታሪኩ የሚካሄደው ዩዲአይ በሚባል የአስከሬን ምርመራ ተቋም ውስጥ ነው። ተቋሙ ለድራማው የተፈጠረ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ይመጣል፣ ሐኪሞቹ አስከሬኑን ይመረምራሉ፣ ሰውዬው እንዴት እንደሞተ ያገኛሉ፤ ቤተሰቡም የሚያለቅስበትን ነገር በትክክል ያውቃል። ስለ ዘፈኑ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ግማሾቹ መልስ የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። ድራማው ስለ ሬሳና በሕይወት ስለቀሩት ሰዎች ነው፤ ዘፈኑም እንደዚያው።

«ሹዳይካ» ሲባል ምን ማለት ነው? ከማጀቢያ ሙዚቃ በምን ይለያል?

ሹዳይካ የድራማው ዋና ዘፈን ነው፤ አንድ ድራማ እንደ ደንቡ አንድ ብቻ ይኖረዋል። በኮሪያ ድራማ እንደለመድነው አምስት ስድስት ዘፋኝ እየተፈራረቀ አይዘፍንም። የጃፓን ድራማዎች በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ወቅት ተከፍለው፣ በየወቅቱ 10 ወይም 11 ክፍል ያህል ይታያሉ። ያ አንድ ዘፈን በየሳምንቱ፣ ለሦስት ወር ያህል፣ ያው ቦታ ላይ ይመጣል። ተመልካቹ ሳያስበው በቃሉ ይይዘዋል።

ከዚያ ውጭ ያለው ቃል የሌለው ሙዚቃ፣ ማለትም ሰው ሲሮጥ፣ ሲያስብ፣ በር ሲከፈት የሚሰማው፣ የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ለብቻው በአልበም ይወጣል። «የአንናቹራል ሙዚቃ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ያለ ዘፈን አልበም ካገኛችሁ እሱ ነው።

ለድራማው ተብሎ ነው የተጻፈው ወይስ የነበረ ዘፈን ነው?

ለድራማው ተብሎ የተጻፈ ነው። ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ የድራማ ዘፈኖች አስቀድመው የተሠሩ ሆነው ኋላ ከድራማው ጋር ይጣመራሉ። «ሌመን» ግን ትእዛዝ ነው። ከድራማው ሰዎች የመጣው ጥያቄ፣ የቆሰለን ሰው በለስላሳው የሚያቅፍ ዘፈን ይሁን የሚል ነበር።

እየጻፈው ሳለ የዮኔዙ አያት አረፉ። ስለ ሞት በሐሳብ ደረጃ ሊጽፍ የተነሣው ሰው ሞቱ ቤቱ ገባበት። በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች፣ ዘፈኑ ከድራማው ትእዛዝ ርቆ በጣም የግሉ ነገር እንደሆነበት፣ መጨረሻ ላይ የሚለውም «ሞትህብኝ፣ አዝኛለሁ» ከሚለው የማያልፍ እንደሆነ ተናግሯል። ለእኛ የዘፈኑ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። «ጊዜ ይፈውሳል»፣ «ከላይ ሆኖ ያይሃል» አይልም። የለቅሶ ቤት ሰው የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይላል።

በድራማው ውስጥ የሚገባው የት ላይ ነው?

መግቢያው ላይ አይደለም። ወደ ክፍሉ ማብቂያ፣ የሟቹ እውነት ከወጣ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ቤተሰቡ ያንን እውነት በሚሰማበት ትዕይንት ላይ ነው የሚመጣው። ንግግሩ ሳይቆም ከሥሩ ይገባል።

ይህ የተሳካው ዘፈኑ ሲሠራ በተደረገ አንድ ነገር ነው፤ መግቢያ ሙዚቃ የለውም። ድምፁ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ይነሣል። ስምንት ምት ፒያኖ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ «አሁን ዘፈኑ ሊመጣ ነው» ብሎ ይዘጋጅ ነበር፤ ድራማውን የሚያቀናብረው ባለሙያም ያንን ፒያኖ የሚያስቀምጥበት ባዶ ቦታ መፈለግ ነበረበት። «ሌመን» ግን ፊት ሲቀየር፣ ሰው ወረቀት ሲያነብ፣ በዚያችው ቅጽበት ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ ቃላት «ሕልም ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር» የሚል ስሜት አላቸው። ልጁን ያጣ አባት ፊት ላይ እነዚህ ቃላት ሲወርዱ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ክፍሎች ማየት ይበቃል።

የፍቅር ዘፈን ነው ወይስ የለቅሶ?

የለቅሶ ነው። ግን የሚሳሳተው ሰው ያለ ምክንያት አይሳሳትም። ከመጨረሻው አዝማች በፊት ባለው መሸጋገሪያ ላይ ዘፋኙ፣ ከሚያስበው በላይ ሟቹን ወድዶት እንደነበረ ሲናገር የሚጠቀመው ቃል «ኮኢ» ነው። ጃፓንኛ ለፍቅር ሁለት ቃላት አሉት፤ «አይ» ሰፊው ነው፣ ለእናትም ለአገርም ይሆናል። «ኮኢ» ግን ልብ የሚሰቅለው፣ ናፍቆት ያለበት፣ የወጣት ፍቅር ነው። ለአያት የማይባል ቃል ነው።

ስለዚህ ግጥሙ የአንድ ሰው የቤተሰብ ታሪክ አይደለም። የዮኔዙ ሐዘን የገባበት፣ ነገር ግን የድራማውንም ሰዎች የሚይዝ ነው። (ድራማውን ያላየ ይህን ዓረፍተ ነገር ይዝለል፦ ከሐኪሞቹ አንዱ፣ ናካዶ፣ የገዛ ፍቅረኛውን አስከሬን የመረመረ ሰው ነው፤ «ኮኢ» የምትለዋን ቃል ስትሰሙ እሱን አስቡ።) ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሟቹ ዘፋኙ በማያውቀው ፊት ምን ያይ እንደነበረ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለባልም፣ ለእናትም፣ ለአያትም ይሆናል። ለሁሉም የሚሆነውም ሆን ተብሎ ክፍት ስለተተወ ነው።

ለሠርግ ቪዲዮ ማጀቢያ የሚያደርጉት አሉ። ዜማው ያታልላል፤ ቃሉን የሚሰማ ጃፓናዊ እንግዳ ካለ ግን ይደነግጣል።

ለምን ሎሚ? ለምንስ «መራራ»?

አዝማቹ ላይ ሟቹ ትቶት የሄደው፣ ደረት ውስጥ ተጣብቆ የማይለቅ መራራ የሎሚ ሽታ ነው። እዚህ አማርኛ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። የመጀመሪያው ተርጓሚዎች «ኮምጣጣ» ወይም «ጎምዛዛ» ማለታቸው ነው። ጃፓንኛው «ኒጋይ» ነው፣ መራራ፤ ኮምጣጣ «ሱፓይ» ይባላል። ጭማቂው ነው የሚኮመጥጠው፤ የሚመረው ልጣጩ ነው። ሎሚ በቢላዋ ሲቆረጥ ቀድሞ አፍንጫ የሚመታው የልጣጩ ዘይት ነው፣ እጅ ከታጠበም በኋላ ጣት ላይ ይቀራል። ዘፈኑ የሚለው እሱን ነው፤ ሰውየው ሄዷል፣ ሽታው ጣት ላይ አለ። ኋላ ላይ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ፍሬ ይመጣል፤ አንዱ ግማሽ እዚህ፣ ሌላው የለም።

ሁለተኛው እንቅፋት እኛ ጋ ሎሚ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። በጥምቀት ጎረምሳ ሎሚ የሚወረውረው ለወደዳት ልጅ ነው። ኢትዮጵያዊ «ሎሚ» የሚል ርዕስ ሲያይ ልቡ ወደ ጃንሜዳ ይሄዳል። በጃፓን የግጥም ትዝታ ግን ሎሚ ከሞት አልጋ ጋር የተቆራኘበት ታዋቂ ሥራ አለ። ባለቅኔው ታካሙራ ኮታሮ በ1938 ስለሞተችው ሚስቱ ስለ ቺኤኮ በጻፈው ግጥም፣ እሷ በመጨረሻ ሰዓቷ ሎሚ ትነክሳለች፤ ሽታውም ለቅጽበት ወደ ራሷ ይመልሳታል። ግጥሙ በ1941 በወጣው መድበሉ ውስጥ ይገኛል፤ ብዙ ጃፓናዊ የዮኔዙን ርዕስ ሲያይ ይህ ይመጣበታል።

ከበስተጀርባ «ዌ!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፤ ሁሉም ይሰማዋል። ተቆርጦ የገባ አጭር የሰው ድምፅ የሚመስል ናሙና ነው፤ በስንኞቹ ውስጥ እየተደጋገመ ይመጣል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ብልሽት ይመስላል፤ በጆሮ ማዳመጫ ግን ከድራሙ ጋር አብሮ የተቀመጠ መሆኑ ይለያል።

ድራሙ ራሱ የሂፕ ሆፕ አካሄድ አለው። ብዙ የድራማ ባላድ በፒያኖና በቫዮሊን ብቻ ይለሰልሳል፤ ይኸኛው ከሥሩ የሚጎረብጥ ነገር አለው። ድምፁን የሚጠሉት ብዙ ናቸው። ያለ እሱ ግን ዘፈኑ ከሚገባው በላይ ጣፋጭ ይሆን ነበር።

ክሊፑ ላይ ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ ለምን አደረገ?

በዳይሬክተሩ በያማዳ ቶሞካዙ የተሠራው ክሊፕ ቤተ ክርስቲያን በሚመስል አዳራሽ ውስጥ ነው የተቀረጸው፤ ወንበሮቹ ላይ ሐዘን ላይ ያሉ የሚመስሉ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ አንዲት ሴት ትደንሳለች። ዮኔዙ በአንዳንዱ ትዕይንት ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጎ ይታያል። አብዛኛው ተመልካች የሚያነበው የሟቿን ጫማ ያደረገ ሰው አድርጎ ነው፤ ሰው ሲሞት ቀሪው ልብሱን ታቅፎ እንደሚውለው ማለት ነው። ግጥሙ ውስጥ ጫማ አይነሣም።

በዓመቱ መጨረሻ የዘፈነበት የተሳለው አዳራሽ የት ነው? ቫቲካን ነው?

ጃፓን ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 2018፣ የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ ኤንኤችኬ በየዓመቱ በሚያስተላልፈው የ«ኮሃኩ» የዘፈን ምሽት ላይ ዮኔዙ የዘፈነው ከቶኪዮው አዳራሽ ሳይሆን ከትውልድ ክፍለ ሀገሩ ከቶኩሺማ፣ ናሩቶ ከተማ ካለው ከኦትሱካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የአውሮፓን ታላላቅ ሥዕሎች በሴራሚክ ሰሌዳ ላይ በትክክለኛ መጠናቸው አባዝቶ የሚያሳይ ነው፤ የሲስቲን ጸሎት ቤትም ከነጣሪያው እዚያ አለ። ሻማዎቹ መሐል የደነሰችው ሱጋዋራ ኮሃሩ ናት። ዮኔዙ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲዘፍን ያ የመጀመሪያው ነበር፤ አያቱን ካጣ በኋላ ከገዛ አገሩ ሆኖ መዝፈኑም ለብዙ ተመልካች ትርጉም ነበረው።

ያን ያህል ታዋቂ ነው? የት አገኘዋለሁ?

በቢልቦርድ ጃፓን የዓመቱ ሰንጠረዥ በ2018ም በ2019ም አንደኛ ነበር። አንድ ዘፈን ሁለት ዓመት ተከታትሎ አንደኛ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው። ዩቲዩብ ላይ ክሊፑ ከ800 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል።

በ2018 እና በ2019 ስፖቲፋይ ላይ ፈልገው ያጡት ሰዎች ልክ ነበሩ፤ አልነበረም። ዮኔዙ ሥራዎቹን በወርኃዊ ክፍያ ለሚደመጡ አገልግሎቶች የከፈተው ኦገስት 5 ቀን 2020፣ «ስትሬይ ሺፕ» የተባለው አልበሙ በወጣበት ቀን ነው። «ሌመን» በዚያ አልበም ውስጥም አለ። ስትፈልጉ የዘፋኙን ስም ጨምሩ፤ በዚህ ርዕስ የሌሎች ዘፋኞች ዘፈንና የሌላ ሰው ድጋሚ አዘፋፈን ይበዛል።

በጊታር እንዴት ልጀምረው?

ዘፈኑ በጂ ሻርፕ ማይነር ነው፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 87 ምት። በዚያ ኪይ (የድምፅ መነሻ) ያለ ካፖ (የጊታሩን አንገት የሚቆነጥጥ ማሰሪያ) መጫወት ጣትን ያደክማል። ካፖውን አራተኛው ፍሬት ላይ እሰሩና የኢ ማይነርን ቅርጾች ያዙ። መነሻው ኢ ማይነር፣ ዲ፣ ሲ፣ ጂ እያለ ይወርዳል፤ አራቱም ጀማሪ የሚያውቃቸው ናቸው። ድምፃችሁ ለዋናው ኪይ የማይደርስ ከሆነ ካፖውን ፍቱት። ያኔ ሁሉም በአራት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ካራኦኬ ላይ ኪዩን 4 ጊዜ ዝቅ ማድረግ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጥነቱ ላይ ነው። ዘፈኑ ሐዘን ስለሆነ እያዘገሙ እስከ 75 ያወርዱታል፤ ያኔ ስንኙ ይንጠባጠባል። ቃላቱ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸውና 87ቱን ያስፈልጋቸዋል። በሜትሮኖም አንድ ምት ለአራት ከፍላችሁ፣ እጃችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ሳታቋርጡ፣ ገመዱን ግን እየመረጣችሁ ምቱ። ሁሉንም ከመታችሁ ጭፈራ ይሆንባችኋል።

ዜማው ትዝታ ትዝታ ይለኛል። በክራር ይወጣል?

የጃፓን የድሮ ዘፈን፣ በተለይ «ኤንካ» የሚባለው፣ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ዘመድ የሚመስለው በምክንያት ነው። «ዮናኑኪ» የሚባለው ቅኝታቸው አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ይጥላል፤ የሚቀረው ዶ ሬ ሚ ሶ ላ ነው፣ የእኛው ትዝታ። ሚና ላን በግማሽ ዝቅ ያደረገው ዓይነትም አላቸው፤ ያ ደግሞ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው።

«ሌመን» ግን ከዚያ ቤት አይደለም። ከላይ ያሉትን አራት ኮርዶች ድምፆች ብትደምሩ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይሆናሉ፣ ሰባት ድምፅ። በአምስት ድምፅ የተቃኘ ክራር ላይ ሁለቱ ያመልጣሉ። ኢ ላይ ትዝታ ማይነር ብትቃኙ ኤና ዲ የሉም፣ ስለዚህ ሁለተኛው ኮርድ ላይ ስትደርሱ ክራሩ አንድ ድምፅ ብቻ ይቀረዋል። ጂ ላይ ትዝታ ሜጀር ብትቃኙ ደግሞ ሲና ኤፍ ሻርፕ ይጎድላሉ። የሚሠራው መንገድ ኮርዱን ለጊታር ወይም ለኪቦርድ ሰጥቶ፣ ክራሩን ድምፆቹ በሚገጥሙበት ቦታ ብቻ ማስገባት ነው። መሰንቆ ገመዱ ነጻ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም፤ ዜማውን በሙሉ ይወጣዋል።

ጃፓንኛ አላውቅም። ግጥሙን በፊደል ጽፌ ልዘፍነው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ከላቲን ፊደል ይሻላል። ጃፓንኛ እንደኛው አንድ ምልክት ለአንድ ተነባቢና አናባቢ የሚሰጥ ጽሕፈት አለው። የሚከተለውን ብቻ ጠብቁ። «አ»ን ሁልጊዜ በራብዕ ጻፉ፤ ናራባ እንጂ ነረበ አይደለም። ኃምሱ ላይ ተጠንቀቁ፣ አማርኛ ተናጋሪ «ሜ»ን «ምዬ» ወደሚለው ይስባል። «ዩሜ» (ሕልም) ሲባል ሜ ንጹሕ ነው፣ የ የለበትም። ሳብዑም እንደዚያው፣ «ኮ» ውስጥ ው አታስገቡ። ቺ እንጂ ጪ የለም፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ የሚባሉ ድምፆች ጃፓንኛ ውስጥ አይታወቁም። ስለዚህ «ትሱ» የሚባለውን «ጹ» ብላችሁ አትጻፉት፣ ትና ሱን በአንድ ትንፋሽ በሉት። ፉ ላይ ጥርስ ከንፈርን አይነካም፣ ሻማ እንደማጥፋት ነው። ራ ምላስ አንድ ጊዜ ብቻ የምትመታበት ነው፣ የእኛው ር በትክክል ይበቃል።

ማጥበቅ ላይ ፈረንጅ የሚቸገረውን እናንተ በነጻ ታገኙታላችሁ። ጃፓንኛ እንደ «ገና» (በዓሉ) እና «ገና» (ሰዓቱ ያልደረሰ) ጠበቅ ላላ ይለያል፤ መክፈቻው ላይ ያለው «ዮካታ» ታው ይጠብቃል። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ከላይ ነጥብ አድርጉበት። ንም ለብቻዋ አንድ ምት አላት፤ «ሬሞን» በጃፓንኛ ሦስት ነው፣ ሬ፣ ሞ፣ ን። በንግግር የሚዋጡ አናባቢዎች አሉ፣ «ዴሱ» እንደ «ዴስ» ይሰማል፤ በዘፈን ግን የተዋጠው አናባቢ የራሱ ኖታ ሊሰጠው ስለሚችል ከጽሑፉ ይልቅ ድምፁን እመኑ።

ስዘፍነው አዝማቹ ላይ ድምፄ ይሰበራል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ምናልባት በደረት ድምፅ እየገፋችሁ ነው። ስንኙ ዝቅ ያለ፣ ለንግግር የቀረበ ነው፤ አዝማቹ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዮኔዙ ጫፎቹ ላይ ወደ ቀጭኑ ድምፅ፣ ወደ ፋልሴቶ፣ ይሸሻል። ያ መሸሽ የዘፈኑ አካል ነው፤ ለቅሶ ላይ ድምፅ እንደሚከዳ ማለት ነው። እዚያ ላይ ከመጮህ ይልቅ ድምፁን ቀንሱ። ቀጥሎ ያለው ትንፋሽ ነው። አዝማቹ ረጃጅም ሐረጎች አሉት፤ ከመግባታችሁ በፊት ባለው የስንኙ መጨረሻ ላይ ቃሉን ትንሽ አሳጥራችሁ አየር ሳቡ።

ካራኦኬ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። መግቢያ ስለሌለው ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ይስተዋል፣ ወይም በተሳሳተ ኪይ ይጀምራል። ማይኩን ከመያዛችሁ በፊት የመነሻውን ድምፅ ስልካችሁ ላይ ካለ የፒያኖ መተግበሪያ ስሙት፣ በአፍንጫችሁ ያዙት፣ ከዚያ አስጀምሩ።

ከ«ሌመን» ቀጥሎ ምን ልስማ?

ከዚያው ቡድን የመጡትን ሁለቱን። ኖጊ አኪኮ፣ ዳይሬክተሯ ትሱካሃራ አዩኮና ፕሮዲዩሰሯ አራይ ጁንኮ በ2020 «ሚው 404» የተባለውን የፖሊስ ድራማ ሲሠሩ ዮኔዙ «ካንደን» (በኤሌክትሪክ መመታት) የሚለውን ዘፈን ሰጣቸው፤ ፈጣን ነው፣ ለቅሶ አይደለም። በ2024 በወጣው «ላስት ማይል» ፊልማቸው ደግሞ «ጋራኩታ» (ኮተት) አለ። ሦስቱም ታሪኮች በአንድ ዓለም ውስጥ የሚካሄዱ ናቸው፤ የ«አንናቹራል» ሐኪሞች ፊልሙ ላይ ይታያሉ።

ዘፍኜ ዩቲዩብ ላይ ብጭነው ይወርድብኛል?

ራሳችሁ ተጫውታችሁ ራሳችሁ ብትዘፍኑት ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ይቆያል፣ ከማስታወቂያው የሚገኘው ገንዘብ ግን ወደ ባለመብቱ ሊሄድ ይችላል። ዩቲዩብ ከጃፓን የቅጂ መብት ማኅበራት ጋር ለዚህ ውል አለው። ከሲዲው የተወሰደ ድምፅ ወይም የካራኦኬ ኩባንያ ያቀናበረው ሙዚቃ ከሥሩ ካለ ነገሩ ይለያል፤ የቅጂው ባለቤት ሌላ ስለሆነ የሚወርደው በዚያ ነው። ግጥሙን ወደ አማርኛ መልሶ መዝፈን ደግሞ ሥራውን መለወጥ ነው። የማኅበራቱ ውል ይህን አይሸፍንም፣ ከባለመብቱ ቀጥታ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ሲተረጎም «አንተ» ነው ወይስ «አንቺ»?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጃፓንኛው አይመልሰውም። «አናታ» ጾታ የለውም፤ «ዋታሺ» (እኔ) የለውም፤ ግሱም አይለወጥም። ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሚያለቅሰው ማን ይሁን፣ ከዘፈኑ አይታወቅም። አማርኛ ግን አያስመልጥም። አዝማቹ «እስከ ዛሬ ብርሃኔ» ብሎ ሲያበቃ፣ ነህ ወይ ነሽ ማለት ግድ ነው። አንዷ ፊደል ዘፈኑን ወይ የሴት ለቅሶ ወይ የአያት ለቅሶ ታደርገዋለች። «ፍቅር ነው ወይስ ለቅሶ» የሚለው ክርክርም በአማርኛ ትርጉሞች የሚባባሰው ለዚህ ነው፤ «ነሽ» ያለ ተርጓሚ የፍቅር ዘፈን አድርጎት ያልፋል።

«እርስዎ» ጾታ ስለሌለው መውጫ ይመስላል፤ አያት ለሚያስብ ሰውም ይገጥማል። ግን «ኮኢ» ያለበት መሸጋገሪያ ላይ «እርስዎን አፍቅሬ» ሲባል ሳቅ ይመጣል። በፍቅር አማርኛ ሴትን «አንተ»፣ ወንድን «አንቺ» ብሎ ማቆላመጥ አለ፤ ለቅሶ ላይ ግን ሰሚውን ያደናግራል። የተሻለው፣ ይልቁንም ለትርጉም ጽሑፍ፣ ግሱን መሸሽ ነው። «አንተ ብርሃኔ ነህ» ከማለት «ብርሃኔ፣ እስከ ዛሬ»፤ «ያየኸውን ሳላውቅ» ከማለት «ያን ፊት ሳላውቀው»። አማርኛ ያለ ማሰሪያ ግስ የሚቆም ስንኝ ስለሚሸከም ይህ አይጎረብጥም። ሙሉውን እንዲህ መሥራት ግን አይቻልም፤ ጥያቄ የሚጠይቁት ሁለቱ መስመሮች ግስ ይፈልጋሉ። እነሱ ላይ «አንተ» ብላችሁ ከመረጣችሁ ሌላውን ሁሉ በዚያው ፈትሹት፤ መክፈቻው ላይ «ሕልሜ ትመጣለህ» ብሎ መሸጋገሪያው ላይ «ወድጄሽ ነበር» የሚል ትርጉም ሁለት ሰው ገድሏል።